በመስኮቱ ላይ የቀረው ቦታ

ደብዳቤ መደበቅ የጀመርኩት በበጎ ልብ ነው። በጎ ልብ ስንት ቤት እንዳፈረሰ ግን የቆጠረ የለም። እኔ በበኩሌ አንድ ቤት አውቃለሁ፤ ሲያትል ውስጥ፣ መርከብ በሚያልፍበት ቦይ ላይ ካለው ድልድይ ማዶ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ የፊት መስኮቱ ሰፊ የሆነ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ እዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ጥቁር አሮጊት እጠብቅ ነበር።

መጠበቅ ስል ማብሰል፣ ማጠብ፣ መድኃኒት ማቀበልና ደብዳቤ ማንበብ ማለቴ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት የሰው ጥላ ያያሉ እንጂ ፊደል አይለዩም። ወገባቸውም እንቢ ብሏቸው ከወንበር ወደ ወንበር እየተደገፉ ነው የሚሄዱት። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በአፌ «ዩ» እያልኩ በሆዴ አንቱ ነበር የምላቸው። በስማቸው መጥራት አልሆንልኝ ቢል «እማማ» አልኳቸው። ትርጉሙን ጠይቀውኝ ነገርኳቸው። «እናት ካልሽኝ እንግዲህ አትዋሺኝ» አሉና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

እማማ በጉብዝናቸው ጊዜ የዚህን ከተማ ሰላም የነሱ ሴት ነበሩ። ይሄ የራሳቸው አባባል ነው። ያኔ ከድልድዩ ማዶ ያለ ቤት ለጥቁር ሰው አይሸጥም፣ አይከራይም። እሳቸው ታዲያ አንድ ዘዴ ነበራቸው። ጋዜጣ ላይ የሚሸጥ ቤት ሲወጣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ይሄዳሉ። «ይቅርታ፣ ትናንት ተሽጧል» ይባላሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነጭ ጓደኛቸው ትሄዳለች። ለእሷ ቤቱ አልተሸጠም፤ ግቢና እዪው ትባላለች። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች አብረው ተመልሰው ያንኳኳሉ። ሲከፈትላቸው ምንም አይሉም፤ ደላላውን እያዩት ዝም ብለው ይቆማሉ። በዚህ ዓይነት ስንቱን አሳፈሩ፣ ስንቱን ወጣት አስተማሩ፣ ሰልፍ ወጡ፣ ቢሮ ወለል ላይ ተቀምጠው በፖሊስ ተጎትተው ወጡ። በመጨረሻ ያቺው ጓደኛቸው ይሄን ቤት በራሷ ስም ገዝታ ለእሳቸው አዞረችላቸው። ሲገቡ በመንገዱ ላይ ብቸኛዋ ጥቁር ነበሩ፤ እኔ ስደርስ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ አሁንም ብቸኛዋ ናቸው።

እኔ ደግሞ ማን ነኝ? ከሆሳዕና ተነስቼ በሱዳን በኩል የመጣሁ፣ ሬኒየር ቢች በሚባል የከተማው ሰፈር ከባሌ ጋር በአንድ ክፍል የምኖር ስደተኛ። ኦቴሎ በሚባል ሰፈር ቤት ልከራይ ስል በስልክ «አለ» ብለውኝ በእግሬ ስደርስ «አሁን ተያዘ» ቢሉኝ፣ «ዕድሌ ነው» ብዬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ይሄን ስነግራቸው እማማ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ስንት ጊዜ?» አሉኝ። «ሦስት።» «ዕድልሽ ሦስቴ አንድ ዓይነት ቃል ይናገራል?» ተናደድኩባቸው፤ ሲገባኝ ደግሞ የተናደድኩት በራሴ ነው።

አንድ ቀን የቤቱን የድሮ ውል ከመሳቢያ አስወጥተው አስነበቡኝ። ከነጭ በቀር ማንም በዚህ ቤት እንዳይኖር ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛ ካልሆነ። ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። «አየሽ፣ በዚህ ወረቀት አንቺ መግባት ትችያለሽ። የማልችለው እኔ ነኝ» አሉኝ። ሕጉ ከተሻረ ቆይቷል። ነገር ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ አለ።

መንገዱ ጸጥ ያለ ነበር። ጸጥታ ደግ ነው ይባላል፤ የዚያ መንገድ ጸጥታ ግን ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥበት ዓይነት ነው። መጋረጃው ሁሉ ግማሽ ክፍት። ከአውቶቡስ ወርጄ ሁለት ብሎክ ስሄድ ከራሴ ጫማ ሌላ የምሰማው የፊት ለፊታችንን ጎረቤት ብቻ ነው። ቀይ የሱፍ ኮፍያ የሚያደርግ ነጭ ሽማግሌ ነው፤ ሬክ በሚሉት ባለ ጥርስ የብረት መቧጠጫ ቅጠል ይሰበስባል። ሁልጊዜ እጁን ያነሳልኛል። በዚያ መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ እሱ ብቻ ስለነበር ወደድኩት።

የመጀመሪያው ደብዳቤ በጥቅምት መጣ። ዝናቡ ጀምሮ ቅጠሉ አስፋልት ላይ ተለጥፏል። ከፖስታ ሳጥኑ የሱቅ ማስታወቂያ ሳወጣ አንድ ነጭ ፖስታ አብሮ ወጣ። ቴምብር የለውም። ቴምብር የሌለው ደብዳቤ ማለት ሰው በእግሩ ያመጣው ደብዳቤ ነው፤ ይሄ ግን ያኔ ትዝ አላለኝም።

እንደ ልማዳችን ከፊታቸው ተቀምጬ ማስታወቂያውን አነበብኩላቸው፤ ከዚያ ነጩን ፖስታ ከፈትኩ። «አሮጊት፣ ታግሠንሻል። ሽጪና ሂጂ።» ከሥሩ ቤቱ ተሥሏል። የእማማ ቤት ራሱ ነው፤ ደረጃው፣ ሰባቱ መስኮት፣ ምንም አልቀረም። አንደኛው መስኮት በእስክሪብቶ ጥቁር ተደርጎ ተሞልቷል። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ሌላ የለም?» አሉኝ።

«የለም፣ እማማ።»

ውሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ። ደብዳቤውን ኩሽና ወስጄ ሩዝ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከሩዙ ሥር ቀበርኩት። እሳቸው አያበስሉ፣ ማን ይከፍተዋል?

ለምን ደበቅሽ ብትሉኝ፣ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ሐኪማቸው ነው፤ ልባቸው ደክሟል፣ ድንጋጤ እንዳያገኛቸው ብሎ እኔን አስጠንቅቆኛል። ሁለተኛው የአገሬ ልማድ ነው። አባቴ ሆሳዕና ሲያርፍ እዚህ ሲያትል ያሉ የጸሎት ቤታችን ሰዎች ሁሉ ሰምተው ነበር። እኔ ብቻ አልሰማሁም። ሦስት ወር ሙሉ ከእኔ ጋር ሲበሉ፣ ሲስቁ ከርመው አንድ ቅዳሜ ማለዳ ነጠላ ለብሰው በሬን አንኳኩ። መርዶ እንዲህ ነው፤ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ይነገረዋል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ነው።

ይሄንንም ለእማማ ነግሬአቸው አውቃለሁ። «ሦስት ወር?» አሉ። «ለአባትሽ ሹራብ ስትገዢ ዝም ብለው አዩሽ?»

«ስለሚወዱኝ ነው።»

«እኔን እንዲህ አትውደጂኝ» አሉ።

ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው እንግዲህ። ልጃቸው ካሊፎርኒያ ነው የሚኖረው፤ በኅዳር ለምስጋና በዓሉ፣ ለታንክስጊቪንግ፣ ይመጣል። እሱ ሲመጣ፣ ሰው አጠገባቸው ሲሆን እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ፤ ሁለት መስኮት ጠቁሯል። ሦስተኛው መጣ። ሩዙን በላዩ ላይ መልሼ ከላይ ከላይ እየጨለፍኩ ቀቀልኩላቸው። እንደ ልጅ እያመሰገኑ በሉት።

የፊተኛው መስኮት መስታወት ላይ ብጫ ብጫ የሆነ የድሮ ፕላስተር ምልክት ነበረ፤ አራት ማዕዘን እየሠራ በተርታ ሄዷል። ከገባሁ ጀምሮ ዓይኔን ይበላው ነበር። አንድ ጠዋት ቢላዋ ይዤ ልፍቀው ስጀምር ድምፁን ሰሙ። «ተይው!» ብለው ጮኹ። ጮኸው አያውቁም። አስቀመጡኝና ነገሩኝ።

በዚያ ቤት እንደገቡ የማስፈራሪያ ደብዳቤ ይጎርፍላቸው ነበር። ባላቸው ይቃጠል ይላሉ፤ እሳቸው እንቢ አሉ። እያንዳንዱን ደብዳቤ ጽሑፉን ወደ መንገድ አዙረው መስኮቱ ላይ ይለጥፉታል። «ይሄን የሚጽፍ ሰው በጓዳዬ ብቻዬን እንድፈራ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሳሎኔን ለሰፈሩ ከፈትኩለት» አሉኝ። ሰው ውሻውን ይዞ ሲያልፍ ያነባል። የጎረቤቱን የእጅ ጽሑፍ የሚያውቅ ያውቃል። አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ መንገድ ይቀይራል፤ አንዲት ሴትዮ ሾርባ ይዛ መጥታ በራቸው ላይ አልቅሳለች። ደብዳቤውም ቀስ በቀስ ቆመ። «ሰላማዊ ሰልፍ ወጣሁ፣ ታሰርኩ፤ ከሠራሁት ሁሉ ግን እንደዚህ መስኮት የሠራ የለም» አሉኝ።

እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ ሦስት ደብዳቤ ከሩዝ ሥር አስቀምጬ፣ «ወይ ጉድ!» እያልኩ አዳመጥኩ። ያኔ ብናገር ምን ነበረበት? ግን ሦስት ጊዜ «የለም እማማ» ብያለሁ። ውሸቴ አሳፈረኝ፤ ሀፍረቱ ደግሞ አፌን ዘጋው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ጽሑፉ እያጠረ፣ ጥቁሩ እየበዛ ሄደ። ለካ መስኮቱ ባዶ መሆኑን ጸሐፊው እያየ ነበር። አሮጊቷ ፈርታለች ብሎ ነው የሚደፍረው። በሰባተኛው ላይ ሰባቱም መስኮት ጠቁሯል፤ ቃል የለውም። የእማማን ምሳ ሳቀርብ ሾርባውን ደፋሁት። «ምን ሆነሻል?» አሉ። «ብርድ ነው» አልኳቸው።

በማግስቱ ወደ አውቶቡስ ስሄድ ጎረቤቱ ሬኩን ተደግፎ ጠበቀኝ።

«እንዴት ናት?» አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነው። «ድሮ መስኮቱ ላይ ወረቀት ትለጥፍ ነበር። ተወችው እንዴ?»

አይ አበሳዬ! ያሰበልን ሰው አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞቀ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ለጎረቤት ምን ይደበቃል? «ዓይናቸው አያይም፤ ደብዳቤያቸውን የማነብ እኔ ነኝ» አልኩት። «ሐኪሙ እንዳይደነግጡ ብሏል፤ ሶ፣ ክፉ ክፉውን አላነብላቸውም።» እንዲያውም ኩራት ኩራት ብሎኛል።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» አለኝ። ኮፍያውን ነካ አድርጎ ወደ ቅጠሉ ተመለሰ።

መርዶ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ከባለቤቱ በቀር ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ለሚመለከታቸው ደብቄ ለማይመለከተው ነገርኩ።

ስምንተኛው በሦስተኛው ቀን መጣ። ፖስታው ላይ የእማማ ስም የለም። «ለሠራተኛዋ» ይላል። እዚያው ዝናብ ላይ ቆሜ ከፈትኩት። የምወርድበትን አውቶቡስ ቁጥር ጽፎታል። ሰዓቱን ጽፎታል። አረንጓዴ ካፖርቴን፣ የቀኝ ጫማዬ ተረከዝ መንሻፈፉን ሳይቀር ጽፎታል። «እሷ አታውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እንድትሸጥ ንገሪያት። አለዚያ አንድ ጠዋት ስትመጪ የምታገኚያት አንቺ ነሽ።» ከሥሩ ቤቱ የለም፤ በር ብቻ ተሥሏል። ገርበብ ያለ በር።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ከእማማ ፊት ቆሜ ነው።

«ምን ይዘሻል?» አሉ።

«ምንም።»

«ወረቀት ሲንቀጠቀጥ እሰማለሁ። የጠፋው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም።»

እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ይደነግጣሉ፣ ልባቸው ይቆማል ብዬ እያለቀስኩ ፊታቸውን አየሁ። አልደነገጡም። ተቆጡ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቼ አላውቅም።

«ስንት ናቸው?»

«ሰባት። ይሄ ስምንተኛው ነው።»

«የት አሉ?»

«ሩዝ ቆርቆሮ ውስጥ።»

«ሩዜ ውስጥ?» አሉ። «ስሚኝ። ሰው ወር ሙሉ በሬን ሲያንኳኳ አንቺ ጆሮዬን ደፍነሽ ይዘሽ ነበር። ደብዳቤው ለእኔ ነው የተጻፈው። ፍርሃቱም የእኔ ነው። ማን ውሰጂልኝ አለሽ?»

«ሐኪሙ...»

«ሐኪሙ እዚህ መንገድ ላይ አልኖረም!» በዱላቸው ወለሉን መቱት። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን አስቢ። ይሄ ሰው እኔ እንዳላነበብኩ ያውቃል። ለማን ነገርሽ?»

ከውጭ የሬኩ ድምፅ ይመጣል፤ ክርር፣ ክርር። እማማም ሰሙት። ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«እሱ?» አሉ። «ባሌ ሲሞት ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኮ እሱ ነው።»

ያን ጊዜ ብቻ ነው ፊታቸው ሲጠወልግ ያየሁት።

ፖሊስ ኮል አደረግን። «ሲያስገባው በዓይናችሁ አይታችኋል?» አሉን። አላየንም። «መጥተን እናያለን» ብለው ዘጉ። እማማ አልጠበቁም። ሩዙን ገልብጬ ሰባቱን አራገፍኩ፤ እሳቸው ፕላስተር እየቆረጡ አቀበሉኝ፣ እኔ በየብጫው ምልክት ላይ፣ ጽሑፉን ወደ መንገድ አዙሬ ለጠፍኩ። ስምንተኛውን ስዘረጋ እጄን ያዙኝ።

«ይሄ የእኔ አይደለም። ለአንቺ ነው የተጻፈው። መለጠፉም መደበቁም የራስሽ ነው። ቦታ ግን እተውልሻለሁ» አሉ።

በሰባቱ መጨረሻ፣ በቀኝ በኩል፣ የአንድ ወረቀት ቦታ ባዶ ቀረ። እኔ የእኔን አጥፌ ካፖርቴ ኪስ ከተትኩ። ስወጣ በሩን ቆለፍኩ፤ መቆለፌን ሁለቴ እጀታውን ስቤ አረጋገጥኩ። ሽማግሌው ሬኩን ይዞ መስኮቱን ያያል። እጁን አላነሳልኝም።

ባሌ ደብዳቤውን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ጮኸ። «ሶ፣ ምን ልትሆኚ ነው? ጀግና? የመኖሪያ ወረቀታችን ገና እኮ ነው! ሰውዬው አውቶቡስሽን ያውቃል! አትሄጂም፣ አለቀ።» ለብዙ ሰው እሱ ከለከለኝ እያልኩ ተናግሬአለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ባይከለክለኝም አልሄድም ነበር። ፈራሁ። ሥራ ያስቀጠረኝን ድርጅት ኮል አድርጌ ታምሜአለሁ አልኩ፤ ሌላ ሰው እንልካለን አሉ።

በሦስተኛው ቀን እማማ ደወሉ። ባሌ አነሳ፣ አየኝ፣ በእንቢታ ራሴን ነቀነቅኩ። «ተኝታለች» አላቸው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር።

«ምን አሉ?» አልኩት ሲዘጋ።

«ቦታሽ አሁንም ባዶ ነው በላት አሉ።»

ሰኞ እሄዳለሁ አልኩ። ሰኞ ካፖርቴን ለብሼ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድኩ፤ አውቶቡሱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ እግሬ እንቢ አለ። ወደ ቤት ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ከእማማ ስልክ አልመጣም።

አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ተጀመረ። ባሌ ያለ ልማዱ ደግ ሆነ። ሰሃን አጠበ። የጸሎት ቤት ሴቶች ያለ ምክንያት ምግብ ይዘው ብቅ አሉ። ስገባ ወሬ ይቋረጣል፤ «ብርዱ በረታ አይደል?» ይባላል። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ኖሬበታለሁ። የሞተችው እናቴ ናት ብዬ ደመደምኩ፤ ብጠይቅ እውነት እንዳይሆን ፈርቼ አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። አሥራ ሁለት ሰው፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። «እናቴን!» ብዬ ጮኼ ወደቅኩ። የሁላችንም እናት የምንላቸው አንዲት አሮጊት ናቸው ያቀፉኝ። «እናትሽ ደህና ናቸው፣ የኔ ልጅ። እኚያ የምትጠብቂያቸው እማማ ናቸው ያረፉት። እናት ሆነውሽ የለ፤ ብቻሽን እንዳትሰሚ ብለን ነው» አሉኝ።

ባሌን አየሁት። «መቼ?»

«አሥራ አንድ ቀን ሆናቸው። ልጃቸው ደውሎ ነበር።»

«ቀብሩስ?»

መሬት መሬት አየ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሲያትል ውስጥ ያለ የሆሳዕና ሰው ሁሉ ሰምቶ፣ እኔ ሳልቀብራቸው ተቀብረዋል። ወንበራቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳደረጉ ጠዋት ተገኙ። ያገኘቻቸው በእኔ ቦታ የተላከችው ልጅ ናት። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። የፊት በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበር አለች። ማን እንደተወው እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አጣሁ።

«ስለምወድሽ ነው የደበቅኩሽ» አለ ባሌ። «ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«እኔን እንዲህ አትውደደኝ» አልኩት።

ተነስቼ አረንጓዴ ካፖርቴን ለበስኩ። ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ እንደታጠፈ አለ። «ወዴት?» አሉ። «ለቅሶ ቤት» አልኳቸው። ለቅሶኛ ብቻዋን አትለቀቅም፤ ተያይተው ተነሱ። ባሌ ቁልፉን አንስቶ ቀድሞኝ ወጣ። በሦስት መኪና ታጭቀን ድልድዩን ተሻገርን።

መንገዱ መግቢያ ላይ ፓርክ አድርገው ወረዱ። እማማ ሃያ ምናምን ዓመት ብቻቸውን ጥቁር ሆነው በኖሩበት መንገድ፣ አሥራ አራት ሆነን፣ ነጠላ ለብሰን በመሐል አስፋልት ሄድን። አሮጊቷ ልቅሷቸውን ከዚያው ጀመሩ። መጋረጃዎቹ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። የሬኩ ድምፅ ቆመ።

በሩን የከፈተልኝ ልጃቸው ነው፤ ዕቃ በካርቶን ይሰበስባል። ከድምፁ በቀር አላውቀውም ነበር። መስኮቱን አልነካውም። ሰባቱ ደብዳቤዎች እንዳሉ ናቸው። በቀኝ በኩል ባዶው ቦታ አለ፤ በአራቱም ማዕዘኑ ላይ አራት ቁራጭ ፕላስተር ግማሽ ግማሹ ተለጥፎ፣ ግማሹ ተንጠልጥሏል። ጠማማ ነው፣ በዳበሳ የተለጠፈ ነው። ለእኔ ወረቀት አዘጋጅተው ጠብቀውኛል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል። ጅቡ ግን አልሄደም። ከመንገዱ ማዶ፣ ቀይ ኮፍያውን አድርጎ፣ ሬኩን ተደግፎ ያየኛል። ደብዳቤዬን ዘረጋሁት። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡን አልደበቅኩም። ጽሑፉን ወደ እሱ አዙሬ በአራቱ ፕላስተር አስያዝኩት፣ በመዳፌም ተጫንኩት።

ልጃቸው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። «ሰባቱን አውቃቸዋለሁ። ይሄኛው የማን ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው» አልኩት።